ከርነሉን የጣሉት ሁለት ትክክለኛ ጥገናዎች፦ ከሮም የመጣች አንዲት መስመር ኮድ

አንድ አፕ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ራሱ ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ቢዘጋ መልሰን እንከፍተዋለን፤ ሙዚቃ ማጫወቻው ቢቆም ስልኩ አይጠፋም። ከርነል ሲወድቅ ግን በላዩ ያለው ሁሉ አብሮት ይወድቃል። የወደቀው ማሽን ራውተር ከሆነ ደግሞ ከኋላው ያሉት ተጠቃሚዎች በሙሉ ከመስመር ይወጣሉ።

ዛሬ የምናየው በሊኑክስ ከርነል የኔትወርክ ኮድ ውስጥ የተከሰተ እንዲህ ያለ ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 መፍትሔውን የላከው በሮም የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲው አንድሬያ ማየር ነው። ማብራሪያውን ትተን ኮዱን ብቻ ከቆጠርን፣ ጥገናው አንዲት መስመር ናት። ታሪኩን እንድናነበው የሚያደርገን ግን የመስመሩ ማጠር አይደለም። ከርነሉን የጣሉት ሁለት ቀደም ያሉ ለውጦች ናቸው፤ ሁለቱም ስህተት ለማረም የገቡ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ።

ሮም ላይ ምን ይሠራል?

ቶር ቬርጋታ በሮም ደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ኤስአርቪ6 የሚባለው የፓኬት አመራር ዘዴ ነው።

በተለመደው አሠራር ፓኬት መድረሻውን ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ቀጣዩን መንገድ በየመገናኛው ያለው ራውተር ይወስንለታል። በኤስአርቪ6 ግን ፓኬቱ የሚያልፍባቸው ነጥቦች ዝርዝር ራሱ ላይ ይጻፋል። ለታክሲ ሹፌር «ቦሌ አድርሰኝ» ማለትና «በአራት ኪሎ፣ ከዚያ በመስቀል አደባባይ አድርገህ ቦሌ» ማለት እንደሚለያዩት ነው።

የዚህ ዘዴ መሠረት ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 በወጣው ስሪት 4.10 ሲሆን፣ የጻፈው በቤልጂየም የሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲው ዳቪድ ለብሩን ነበር። ከዚያ በኋላ ማየር የተለያዩ ደንበኞችን የአይፒቪ4 ትራፊክ ለይቶ በአይፒቪ6 ኔትወርክ ላይ ለማሻገር የሚያስችል ክፍል ጨመረ፤ ይህም በፌብሩዋሪ 2021 በስሪት 5.11 ወጣ።

የአይፒቪ4 ፓኬት በአይፒቪ6 ኔትወርክ ላይ የሚሻገረው እንዴት ነው? አሮጌው ፖስታ ሳይከፈት በአዲስ ፖስታ ውስጥ ይገባል። በአዲሱ ፖስታ ላይ የአይፒቪ6 አድራሻና የመንገዱ ዝርዝር ይጻፋል። ውድቀቱ የተፈጠረው በዚህ የፖስታ ቅየራ ላይ ነው።

48 ባይት ለሁሉም

ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ፓኬት የራሱ መዝገብ አለው። በመዝገቡ ውስጥ 48 ባይት የሆነች ትንሽ የማስታወሻ ቦታ ትገኛለች። ፓኬቱን በተራው የያዘው ክፍል ሁሉ እዚህች ቦታ ላይ የራሱን ማስታወሻ ይጽፋል።

ፋይል ይዛችሁ ከቢሮ ቢሮ የዞራችሁ ታውቁታላችሁ። መዝገብ ቤት ፋይሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ያያይዛል፤ ሠራተኛው በእርሳስ «በመስኮት 3 ገባ» ብሎ ይጽፍበታል። ቀጣዩ ቢሮ ያንኑ ወረቀት ለራሱ ጉዳይ ይጠቀምበታል። ሌላ ወረቀት የለም።

ችግሩ የአይፒቪ4 ኮድና የአይፒቪ6 ኮድ ይህችን ቦታ የሚያነቡት በተለያየ አቀማመጥ መሆኑ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ሲከፈት ምን ይመስል እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ባይቶቹ አልተለወጡም፤ አንባቢው ግን ሌላ ፊደል ያያል። እዚህም እንደዚያው ነው። አንዱ የጻፈውን ቁጥር ሌላው ሲያነበው ትርጉሙ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ጥገና፦ አጥፉት

በጃንዋሪ 2019 የገባው ለውጥ ያረመው ይህንኑ የተሳሳተ ንባብ ነው። አንድ የአይፒቪ4 ፓኬት በአዲስ የአይፒቪ6 ፖስታ ሲታሸግ፣ የአይፒቪ4 ማስታወሻ ሳይጠፋ ይቀር ነበር። የአይፒቪ6 ኮድ ያን ቅሪት የፓኬት መቆራረጫ መጠን አድርጎ ስላነበበው ፓኬቶች ያለምክንያት ይቆራረጡ ነበር።

መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ፖስታው ሲቀየር ከማስታወሻው ቦታ የአይፒቪ6 ኮድ የሚያነበውን ክፍል በዜሮ ሙላው። ይህም ተደረገ፤ መቆራረጡም ቆመ።

ከጠፉት ቁጥሮች መካከል ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ነበር፦ ፓኬቱ በየትኛው ኢንተርፌስ እንደገባ የሚናገረው ቁጥር፤ በምሳሌያችን «መስኮት 3»። በዚያን ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ቁጥሩን የሚፈልገው ስላልነበረ፣ መጥፋቱ ለሦስት ዓመት ገደማ ምንም ጉዳት አላሳየም።

ሁለተኛው ጥገና፦ በትክክል ቁጠሩ

በኦክቶበር 2021 ሌላ ለውጥ መጣ። ከርነሉ የአይፒቪ6 ፓኬቶችን ሲያስተላልፍ በየትኛው ኢንተርፌስ ስንት ፓኬት እንደገባ ይቆጥራል። ብዙ ኢንተርፌሶች በአንድ ቨርቹዋል ኢንተርፌስ ሥር ሲሰባሰቡ ግን ቆጠራው በተሳሳተው ስም ይመዘገብ ነበር። የለውጡ መፍትሔ፣ ፓኬቱ መጀመሪያ የገባበትን ኢንተርፌስ ቁጥር ከማስታወሻው ቦታ አንብቦ ቆጠራውን በዚያ ስም ማስመዝገብ ነው።

ይህም ትክክል ነው። ተራ የአይፒቪ6 ፓኬት ሲመጣ ቁጥሩ ከቦታው ይገኛልና።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። የአይፒቪ4 ፓኬት በኢንተርፌስ 3 ይገባል፤ ቁጥሩ ይጻፋል። በአይፒቪ6 ፖስታ ይታሸጋል፤ የ2019ኙ ኮድ ማስታወሻውን በዜሮ ይሞላዋል። ፓኬቱ ወደ ማስተላለፊያው ያልፋል፤ የ2021ዱ ኮድ «ከየት ነው የገባው?» ብሎ ያነባል፤ መልሱ 0 ነው። በሊኑክስ የኢንተርፌስ ቁጥር የሚጀምረው ከ1 ነው። ኢንተርፌስ 0 ተፈልጎ ስለማይገኝ ባዶ ፖይንተር ይመለሳል። ከርነሉ በዚያ ባዶ አድራሻ በኩል ሊያነብ ሲሞክር ይወድቃል።

አወዳደቁም ከባድ ነው። ከርነል አንድን ተራ ፕሮሰስ ሲያገለግል እንዲህ ቢሳሳት፣ ያን ፕሮሰስ ገድሎ ሊቀጥል ይችላል። የሚገቡ ፓኬቶች የሚስተናገዱት ግን በአብዛኛው በኢንተራፕት አገልግሎት ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚገደል ፕሮሰስ ስለሌለ ማሽኑ በሙሉ ይቆማል።

የወደቀበትና የታመመበት ቦታ

ከርነል ሲወድቅ ሪፖርት ይተዋል፦ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደነበር፣ የትኛውን አድራሻ ሊያነብ እንደሞከረ፣ እዚያ ያደረሱት ጥሪዎች እነማን እንደሆኑ። አድራሻው ከዜሮ ብዙም ካልራቀ፣ ባዶ ፖይንተር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሪፖርቱ የሚናገረው ግን የተወደቀበትን ቦታ ነው እንጂ ሕመሙ የጀመረበትን አይደለም። ጊት ባይሴክት ብታስኬዱ ጣቱን የሚቀስረው በ2021ዱ ለውጥ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ውድቀት አልነበረምና። እዚህ ላይ ሦስት ቀላል መፍትሔዎች ይመጣሉ።

አንደኛው፣ «ፖይንተሩ ባዶ ከሆነ ዝለለው» ብሎ መፈተሻ መጨመር ነው። ማሽኑ አይወድቅም፤ ነገር ግን የእነዚያ ፓኬቶች ቆጠራ በኢንተርፌሱ ስም ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ስህተቱም ድምፅ አጥፍቶ ይኖራል። ሁለተኛው፣ የ2021ዱን ለውጥ መሰረዝ ነው፤ የተሳሳተው ቆጠራ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ የ2019ኙን ማጥፊያ ማንሣት ነው፤ ፓኬቶች እንደገና ይቆራረጣሉ።

ማየር የላከው አራተኛውን ነው። የኢንተርፌሱ ቁጥር በማስታወሻው ቦታ ብቻ አይደለም የሚኖረው፤ በፓኬቱ ዋና መዝገብ ውስጥ ቋሚ ቦታ አለው፤ ልክ በፋይሉ ሽፋን ላይ እንደታተመ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወሻው በዜሮ ከተሞላ በኋላ ቁጥሩን ከሽፋኑ ላይ መልሶ መገልበጥ ይበቃል። የአይፒቪ4 መቀበያ ኮድም መጀመሪያ ሲጽፈው የሚወስደው ከዚያው ነው። ማጥፋቱም ቆጠራውም ሳይነኩ ቀሩ፤ የተጨመረው መስመር በሁለቱ መካከል የጎደለውን ሞላ።

ከፓቹ ጋር የተላከውን መልእክትም ልብ በሉ። ቁጥሩ የት እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚጠፋ፣ ማጥፊያው መቼ እንደገባ፣ ውድቀቱን የሚቀሰቅሰው የትኛው ለውጥ እንደሆነ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ማንንም አይወቅስም። ከአንዲት የኮድ መስመር ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ መርዘሙም ተገቢ ነው። ያን ማብራሪያ ያላነበበ ሰው ነገ መስመሯን «ምን ታደርጋለች?» ብሎ ሊያጠፋት ይችላል።

ራሳችሁ ሞክሩት

ይህን ለመለማመድ የራውተር ክፍል አያስፈልግም። በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ የሙከራ ስክሪፕቶች የያዘ ፎልደር አለ፤ ማየር የጻፋቸው የኤስአርቪ6 ሙከራዎችም እዚያ አሉ። ስክሪፕቶቹ በኔትወርክ ኔምስፔስ አማካይነት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ራውተሮችና ኮምፒውተሮች ያሉ ያስመስላሉ። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስኪዱት፤ ቢወድቅም የሚወድቀው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የራሳችሁን ኮድ ተመልከቱ። ሁለት ክፍሎች የሚጋሩት ቦታ አለ? አንዱ «ለጥንቃቄ» ብሎ የሚያጠፋውን ሌላው ነገ ይፈልገው ይሆን? «ማን አበላሸው?» ከማለታችሁ በፊት ጊት ብሌምን ከፍታችሁ፣ ያ መስመር ለምን እንደተጻፈ አንብቡ። ስህተት ከመሰላችሁ መስመር ጀርባ የሌላ ስህተት መድኃኒት ሊኖር ይችላል።