ከምግብና ከመኝታ ወዲያ

በተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ ሰው የመልቀቂያ ቅጽ መፈረም የዘወትር ተግባር ነው፤ ሆኖም ከፈረምኋቸው ቅጾች መካከል አንዱ እስከ ዛሬ ከሕሊናዬ አልወጣም። የሞላው በሲቪል ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ይማር የነበረ፣ ነጥቡም ከክፍሉ ከላይኞቹ ተርታ የሚቆጠር የአንድ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ «የመልቀቂያ ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «የግል ጉዳይ» ብሎ ከመጻፍ በቀር አንዳች አልጨመረበትም። ፍራሹን፣ የሎከሩን ቁልፍና የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ መልሶ፣ ክሊራንሱን በየቢሮው አስፈርሞ ከሄደ በኋላ፣ አባቱ ወሬውን ሰምተው ከአገራቸው ድረስ መጡና ነጠላቸውን አደግድገው ከፊቴ ቆመው፣ «ጌታዬ፣ መንግሥት እያበላው፣ መንግሥት እያስተኛው፣ ምን ጎድሎበት ነው?» አሉኝ። የጎደለውን ነገር የዶርም ጓደኞቹ ነግረውኝ ነበር፤ የልብስ ሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ ዋጋ፣ በቡድን ለሚሠራው ፕሮጀክትም ከጓደኞቹ እኩል ሊያዋጣው የሚገባው ድርሻ ነው። ስሙ ከቡድኑ እንዳይፋቅ ሁለት ጊዜ ተበደረ፤ ሦስተኛ ጊዜ መበደር ግን አፈረ።

እኒህ አባት ልጃቸውን የማይወዱ፣ ወይም በዓመት አንድ ሁለት በግ መሸጥ የሚሳናቸው ሰው አልነበሩም፤ ልጁ ጠይቋቸው ቢሆን ኖሮ ወይፈኑን ከመሸጥ እንኳ ወደ ኋላ እንደማይሉ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ነገር ግን ልጁ አልጠየቀም፤ አባቱም ምን ያስፈልግሃል አላሉትም። ሁለቱን ዝም ያሰኛቸው፣ አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን በየዓመቱ ከወላጆች አፍ የምሰማውና መልስ ስሰጥበትም ምላሴ የደከመበት አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ የግቢውን በር ካለፈበት ቀን ጀምሮ እስኪመረቅ ድረስ ከወላጆቹ ጫንቃ ወርዶ በመንግሥት ጫንቃ ላይ ይቀመጣል የሚለው ነው።

ሐሳቡ ያለ ምክንያት እንዳልመጣ ማመን ይገባል። አባቶቻችን ያውቁት የነበረው ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር፤ በዚያም ሥርዓት ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ የወረደ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው ቁራሽ ይኖር ስለ ነበር፣ ወላጆቹ መርቀው ከሸኙት በኋላ ብዙውን ጊዜ ወሬውን እንኳ ሳይሰሙ ዓመታት ያልፉ ነበር። ያ ሥርዓት ጸንቶ የኖረው ግን ተማሪው ወጪ ስላልነበረበት ሳይሆን ወጪውን የሚሸከምለት ሕዝብ ስለ ነበረው ነው፤ የመንደሩ እመቤት ከልጆቿ ራት ላይ ቆርሳ ለተማሪ መስጠትን እንደ ትሩፋት ትቆጥረው ነበር፤ መምህሩም ዕውቀቱን በገንዘብ አይሸጥም ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ዙሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ግን የቤት ኪራይና የወረቀት ዋጋ ያለበት ነጋዴ ስለ ሆነ፣ 60 ገጽ ሃንድአውት በነፃ ባያባዛ ሊወቀስ አይገባውም፤ ያንን የመንደር እመቤት የሚተካ ሰው በግቢው አጠገብ የለምና፣ ተማሪው የሚጠብቀው ከቤቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ዘመናዊ ትምህርትም ይህንኑ እምነት አጸናው እንጂ አላፈረሰውም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በኋላም በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በሰጡ ጊዜ፣ ለመንግሥት ሥራ የሚፈለገው የተማረ ሰው ብዙ፣ የሚገኘው ግን እጅግ ጥቂት ስለ ነበር፣ ተማሪውን ያለ ክፍያ ማስተማር ለግምጃ ቤቱም የሚቻል፣ ለአገሩም የሚጠቅም ነገር ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉባት አገር ያንኑ ዘመን እያሰቡ ልጅን መሸኘት፣ ከአያት የተወረሰ ልብስ በቁመቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ሳይመለከቱ ለልጅ እንደ ማልበስ ያለ ነው።

ሕጉም ከተለወጠ ቆይቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ፣ ቁጥሩም 91/1995 የሆነው፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸከም አዝዟል። ተማሪው ኮስት ሼሪንግ ብሎ የሚጠራውን የወጪ መጋራት ውል በየዓመቱ ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳውን ይከፍላል። እንግዲህ ወላጆች «መንግሥት ያበላዋል» የሚሉት እንጀራ ልጁ ራሱ በዱቤ የሚበላው እንጀራ ነው ማለት ነው። ልጁ ሲፈርም ውሉን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ያየሁት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላው ያሉት ይገፉታል፣ ወረቀቱም ከሌሎቹ የምዝገባ ወረቀቶች የሚለይ አይመስለውም። ከደመወዙ ሳይቆረጥበት የቆየ ተመራቂ ዕዳ እንዳለበት የሚገባው ቴምፖራሪ የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ዓመታት ከሠራ በኋላ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲመጣና «መጀመሪያ የወጪ መጋራቱን ከፍለህ ና» ሲባል ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚሰማው ንዴትም በሕጉ ላይ ሳይሆን ከመስኮቱ በስተጀርባ በተቀመጠው ሠራተኛ ላይ ይወርዳል።

የምግቡን ነገር ለይቼ ላንሣ፤ ወላጆች አጥብቀው የሚያምኑት በእርሱ ስለ ሆነ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ገንዘብ ለረጅም ዘመን 15 ብር ነበር፤ ኋላም 22 ብር ሆነ። ይህ ለሦስት ጊዜ ማዕድ ሲካፈል ለአንዱ ማዕድ 7 ብር ከጥቂት ሳንቲም ብቻ ስለሚሆን፣ የካፌ ሠራተኛ ምንም ያህል ቢተጋ ከዚህ ገንዘብ የሚያወጣው ወጥ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመረዳት ጤፍና ሽንኩርት ከገበያ የገዛ ሰው መሆን ይበቃል። በ2017 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ተገቢና የዘገየ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን በሌላው ወገንም ማየት ያስፈልጋል። በቀን 100 ብር በ10 ወር 30,000 ብር ይሆናል፤ የምግብ ወጪ በሙሉ በተማሪው ላይ እንዲታሰብ ደንቡ ስለሚያዝ፣ ማዕዱ በተሻለ መጠን የውሉ ዕዳ አብሮ ያድጋል። ይህን ለወላጅ ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን በእጁ መቀበል የሚመርጥ ተማሪም፣ የወሩን ተቀብሎ በወሩ አጋማሽ ጨርሶ ከጓደኛው ትሪ ላይ ለመጉረስ ሲገደድ በየጊዜው እናያለን፤ ገንዘብ ይዞ የማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ የ30 ቀን ቀለቡን በአንድ ጊዜ ሲሰጠው ከዚህ የተለየ ነገር መጠበቅ አይገባም።

ከምግብና ከመኝታ ወዲያ ያለውን ወጪ ደግሞ የሚቆጥረው ሰው የለም። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር ስለሚወሰን፣ የደሴ ልጅ ጂንካ ሊደርሰው፣ የአርባ ምንጩም ልጅ ደብረ ታቦር ሊመደብ ይችላል፤ መንገድ በማይታመንበት በዚህ ዘመን የመኪናው ጉዞ ቀርቶ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የመምህሩ ጽሑፍ የሚላከው በቴሌግራም ስለ ሆነ ስልክና የኢንተርኔት ካርድ የሌለው ተማሪ የፈተናውን ቀን ከሰው አፍ ይሰማል። ለኢንተርንሺፕ ሲወጣ ከግቢው ካፌና ከዶርሙ ርቆ ቤት ይከራያል። ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም፤ አባቶች ለሴት ልጃቸው የሚልኩትን ሲያስቡ የወር አበባ መጠበቂያን የሚያክል በየወሩ የማይቀር ነገር ከሒሳባቸው ውስጥ ሲገባ አላየሁም፤ እናትም ብታስበው በባሏ ፊት ለመናገር ታፍራለች። በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ ስትጠየቅ «አሞኝ ነው» ትላለች፤ የክሊኒኩ መዝገብ ግን ስሟን አያውቀውም። እንዲህ ያለችው ልጅ ሻይና ምሳ እጋብዝሽ የሚላት፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ባለ መኪና ከበሩ ውጭ ሲጠብቃት፣ እምቢ የማለት ኃይሏን ያደከመው ወላጆቿ በወር ሊልኩላት ይችሉት የነበረው ጥቂት ገንዘብ መቅረቱ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

የልጅ መድረስ በአገራችን ምን ያህል ታላቅ ደስታ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ልጁ ያለፈለት ቤተሰብ ድግስ ቢደግስ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ግን ለሽኝቱ በግ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ዘመድ ሁሉ በጉንጩ ስሞ ብር እያስጨበጠ ከሸኘው በኋላ፣ በጥቅምት ኪሱን የሞላው ልጅ በየካቲት ሳሙና መግዣ ማጣቱ ነው። በአንድ ቀን የተሰጠ ብዙ ገንዘብ በአብዛኛው የሚውለው ለስልክና ለጫማ ነው፤ ያው ገንዘብ በ10 ወር ተከፍሎ በየወሩ መጀመሪያ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢደርሰው ግን ልጁን ከዓመት ዓመት ያደርሰዋል። የዕቁብ ሥርዓትን ፈጥሮ ያኖረ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ለልጁ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ብሎ ዕቁብ የገባ አባት ግን ካገኘኋቸው ወላጆች መካከል በጣት የሚቆጠር ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ለልጁ አለመናገርም የዚሁ ስሕተት ወንድም ነው። ስንቱ ተማሪ በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅቱ በምትልክለት ገንዘብ ይማራል! እኅቲቱ ግን ወንድሟ እንዳይጨነቅ ብላ ደመወዟ ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት ወርም ሳይከፈላት እንደ ቀረ አትነግረውም፤ እርሱም ያለ ገደብ የሚፈስ ምንጭ ይመስለውና ይጠይቃል፣ ወይም በተቃራኒው ሸክም መሆኑን ጠርጥሮ ጨርሶ መጠየቅን ይተዋል። ሁለቱንም ዓይነት ተማሪዎች በቢሮዬ አይቻለሁ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልጁ ከቤት ሳይወጣ አባትና እናት፣ የምትልክ እኅትም ካለች እርሷ በስልክ፣ ተቀምጠው «በወር ይህን ያህል እንችላለን፣ ከዚህ በላይ አንችልም፣ የጎደለህን ግን ሳታፍር ንገረን» ሊሉት ይገባል። በወር 500 ብር ብቻ የሚችል ቤት 500 ብሩን ያለ እፍረት ይናገር፤ ልጁ መጠኑን ካወቀ የካፌ ተመጋቢ ሆኖ፣ ፎቶ ኮፒውን ከጓደኛው ጋራ ተካፍሎ፣ መጽሐፉን ከቀደሙት ተማሪዎች ተውሶ ሊኖርበት ይችላል።

ከባልደረቦቼ መካከል አንዳንዶቹ፣ «ይህን ሁሉ ወጪ ለድኻ ወላጅ ብንዘረዝርለት ልጁን፣ ይልቁንም ሴት ልጁን፣ ከቤት ያስቀራታል» ይሉኛል። ስጋቱ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን ባላጣውም፣ ወላጁን በዝምታ ሸኝቶ በዓመቱ ልጁን በመልቀቂያ ቅጽ መመለስ የተሻለ ርኅራኄ አይመስለኝም። ዝርዝሩ ለወላጅ መነገር ያለበት በግቢው በር ሳይሆን ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባ በትምህርት ቤቱ ነው፤ አንድ ዓመት ሲቀረው የሰማ ገበሬ አንድ ጥጃ ለይቶ ያሳድጋል። ፈጽሞ የሌለው ወላጅ ደግሞ በእርግጥ አለ፤ ለእንደዚህ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአቅማቸው የሚያደርጉት እርዳታ አለ፤ የበጎ አድራጎት ክበቦችና ግቢ ጉባኤያትም ልብስና ደብተር ያሰባስባሉ። ይህን እርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃውን ይዞ በምዝገባው ሳምንት ይምጣ፤ በግንቦት የመጣ ማስረጃ የዓመቱ በጀት ካለቀ በኋላ ስለሚደርስ፣ በተማሪው ፋይል ውስጥ ከመታሰር ያለፈ ጥቅም አይሰጠውም።