ሜሪላንድን ከልጅና ከአያት ጋር

ሜሪላንድ ትንሽ ናት። በምዕራብ በኩል ሃንኮክ በምትባል ከተማ አጠገብ ወገቧ ይቀጥንና ከሰሜን ድንበሯ እስከ ደቡብ ድንበሯ 2 ማይል እንኳ አይሞላም። ግን በአንድ ጫፏ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ጫፏ የአፓላቺያን ተራሮች፣ መሀሏ ላይ ደግሞ ሰፊው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አለ። ይህ ሁሉ እያለ የእኛ ሰው ቅዳሜና እሑድ በሰርግ፣ በክርስትና፣ በምርቃትና በልቅሶ ያልቃል። የተረፈውን ኦቨርታይም ይወስደዋል። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣም ዲሲ ተወስዶ በዋይት ሐውስ አጥር ፎቶ ይነሣና ጉብኝቱ ተፈጸመ ይባላል።

ለዚህ ዳሰሳ የያዝኩት መስፈርት አንድ ነው፦ ሮጦ የማይጠግብ ሕፃን፣ ከስልኩ ቀና የማይል ጎረምሳና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት አብረው ውለው ሳይኮራረፉ የሚመለሱበት ቦታ። መስፈርቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ዝነኛ ቦታዎችን ይጥላል።

ከቅርቡ ልጀምር። ዊተን ውስጥ ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ መግቢያ አይጠይቅም። 50 ኤከር የሚሆን የአበባና የዛፍ ቦታ ነው፤ መንገዱ ለጋሪም ለምርኩዝም ይመቻል፤ መቀመጫ በየቦታው አለ። እዚያው አጠገብ ባለው ትልቅ መናፈሻ ሕፃናትን የምታዞር ትንሽ ባቡር አለች። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእሷ የበለጠ ነገር ዓለም ላይ አለ ብትሉት አያምናችሁም። ብርዱ ሲገባ የአትክልቱ ቦታ በመብራት ያጌጣል፤ ያ ግን በቲኬት ነው።

ግሌን ኤኮም ሩቅ አይደለም። በእንጨት ፈረሶቹ የሚታወቀው ተሽከርካሪ መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1921 የተተከለ ሲሆን፣ ሞቅ ባሉት ወራት ዛሬም ይዞራል። ቦታው ድሮ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ የመዝናኛ ፓርክ ነበር። በ1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈረሶቹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ታሰሩም። በሰፈሩ የሚኖሩ ነጮችም ከጎናቸው ተሰልፈው ሰመሩን ሙሉ ተቃወሙ፤ በተከታዩ ዓመት በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ልጅን ፈረሱ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ወይም በኋላ ይህን መንገር የወላጅ ፋንታ ነው። እኔ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፈረሱን ያየ ልጅ ቀድሞ አይሰማም።

የፖቶማክን ፏፏቴ ለማየት ግሬት ፎልስ ይኬዳል። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል የሚዘልቀው የድሮ የጀልባ ቦይ በዚያ ያልፋል፤ በቦዩ ዳር ያለው መንገድ ደልዳላ ስለሆነ አያት እንደልባቸው ይራመዳሉ። ከዚያ በድልድይና በእንጨት መሻገሪያ ወደ ፏፏቴው መመልከቻ ይደረሳል። ውሃው ግን ነፍስ ይበላል፤ ላዩ ጸጥ ባለበት ቦታ እንኳ ውስጡ ይስባል። በዚያ አካባቢ መዋኘትም ሆነ እግር ነክሮ መግባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የልጅ እጅ አይለቀቅ።

ባልቲሞር ሲባል ብዙ ወላጅ ፊቱን ያጨፈግጋል። በወሬ የተፈራች ከተማ ናት። ለቤተሰብ ግን በስቴቱ ውስጥ እሷን የሚተካከል የለም ባይ ነኝ። ወደቡ ላይ ያለው ናሽናል አኳሪየም ከ1981 ጀምሮ ሻርኩንና ጄሊፊሹን ሲያሳይ ኖሯል። ለአምስት ሰው ቲኬት መቁረጥ ኪስ ይጎዳል፤ ከሕንፃው ውጭ በ2024 የተከፈተው ተንሳፋፊ ረግረግ ግን በነፃ ይታያል። የቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም ከ1884 የቆመው ክብ ሕንፃው ብቻውን ያስደንቃል። ድሬዳዋ ወይም ለገሃር አካባቢ ያደጉ አያት ካሉ ደግሞ አስጎብኚ አያስፈልግም፤ የእንፋሎቱን ሎኮሞቲቭ ሲያዩ እሳቸው ራሳቸው ይጀምሩታል።

ፎርት ማክሄንሪ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተወለደበት ምሽግ ነው። በመስከረም 1814 የእንግሊዝ መርከቦች 25 ሰዓት ያህል ደበደቡት፤ ሲነጋ ባንዲራው አሁንም ይውለበለብ ነበር። አየሩ ሲፈቅድ ዛሬም በዚያው ልክ የተሠራ፣ 30 በ42 ጫማ የሆነ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ጎብኚዎችም ሲዘረጋና ሲታጠፍ ይዘው ያግዛሉ። ስልኩን ኪሱ የማይከት ጎረምሳ እዚህ ግድ ይከተዋል፤ ሁለቱም እጆቹ ይያዛሉና።

የባልቲሞር ዋነኛው ስጦታ ግን ለእኛ ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱ እዚያ ይገኛል፦ የብራና መጻሕፍት፣ የመጾር መስቀሎች፣ ሥዕለ አድኅኖ። በ2023 መጨረሻ በኢትዮጵያ ላይ ብቻ ያተኮረ ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶም ነበር። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ለእይታ ስለማይወጣ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። አማርኛውን እየረሳ ያለ ልጅ በመስታወት ውስጥ የተከበረውን ፊደል ሲያይ፣ አያቱ ደግሞ ሥዕሉን ተሳልመው ታሪኩን ሲነግሩት፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤት በዓመት የማይሠራውን አንድ ከሰዓት ይሠራዋል።

ወደ ደቡብ፣ ካልቨርት ክሊፍስ ላይ የባሕሩ ሞገድ ከገደሉ የሻርክ ጥርስ እያጠበ ያወጣል፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። ያገኘ ልጅ ይዞት ይሄዳል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ባሕሩ ግን 1.8 ማይል በእግር ነው፤ መመለሻም አለ፤ ገደሉ ስለሚናድ ሥሩ መሄድ ክልክል ነው። ጉልበት ለማይችል ሰው ሶሎሞንስ ያለው የባሕር ሙዚየም ይሻላል፤ የውሃ አቆስጣ አለው፣ በ1883 የተሠራው የድረም ፖይንት መብራት ቤትም እዚያው ቆሟል።

ቼሳፒክን በድልድይ የሚሻገር ሰው ዓርብ ከሰዓትን ይሽሽ። 4.3 ማይሉ ድልድይ በሰመር ወደ ፓርኪንግ ይለወጣል። ማዶ ከደረሱ በኋላ ዶርቸስተር ካውንቲ ውስጥ የሃሪየት ተብማን መታሰቢያ ማዕከል አለ፤ በ2017 ተከፈተ፤ በነፃ ነው፤ በባርነት የተወለደችበትና ሌሎችን ያስመለጠችበት ረግረግ ዙሪያውን እንደነበረ ይታያል። ኦሽን ሲቲን ብዙ ሰው ይወዳታል፤ ለጎረምሳ ገነት ናት፤ ለእኔ ጩኸትና የድንች ጥብስ ናት። ከእሷ በስተደቡብ ያለችው አሳቲግ ደሴት ትበልጥብኛለች። የዱር ፈረሶች በአሸዋው ላይ እንደልባቸው ይዞራሉ። 40 ጫማ መራቅና ምንም አለማብላት ግዴታ ነው፤ ፈረሶቹ ግን ይህን ሕግ አያውቁትም፤ ምሳችሁን መኪና ውስጥ ቆልፉ።

ስለ ምሳ ከተነሣ፣ የስቴቱ ኩራት ሸርጣን ነው። ልጆች የዶሮ አንገት በገመድ አስረው ከመሻገሪያ ላይ ሲያጠምዱት ቀኑ ሳይታወቅ ይመሻል። መብላቱን አያት የሚፈቅዱ አይመስለኝም፤ አጥምዶ መልቀቅ ግን ጾም አያስፈታም።

ለአብዛኛው ቦታ ከገንዘብ ይልቅ ሰዓት ይወስናል። የባሕር ዳርቻና የፏፏቴ ፓርኮች በሰመር ቅዳሜ ሲሞሉ ከቀትር በፊት በራቸውን ይዘጋሉ፤ አንዳንዶቹም ቀድሞ በኢንተርኔት ማስያዝ ይጠይቃሉ። በሐበሻ ቀጠሮ የተነሣ ቤተሰብ ከበር ይመለሳል። ሣር ውስጥ የዋለ ልጅ ደግሞ ማታ ከጆሮው ጀርባ እስከ እግሩ ጣት ለመዥገር ይፈተሽ፤ ላይም የተባለው በሽታ በዚህ ስቴት አለ።

ምዕራቡን ጫፍ ለማዳረስ ቢያንስ አንድ አዳር ያስፈልጋል። ዲፕ ክሪክ በ1925 በግድብ የተሠራ ሐይቅ ነው፤ አጠገቡ 53 ጫማ የሚወርደው የመዲ ክሪክ ፏፏቴ ከጥንታዊ ዛፎች መሀል አለ። በረዶው ሲመጣ ልጆች ዊስፕ በተባለው የስኪ ቦታ ስኪ ይማራሉ። አያት ያን ጊዜ ከተከራያችሁት ቤት ምድጃ አጠገብ ቡና ያፍሉ፤ ጀበናውን ከቤት ይዞ መሄድ አይረሳ፤ እዚያ የሚሸጥበት ሱቅ አታገኙም።