ጊደሯ ከተሸጠች በኋላ ሻጩ ስልክ ያነሳል?

«የ5 ወር እርጉዝ፣ ሆልስታይን፣ ዋጋ በውስጥ መስመር»። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ዓይነት ፖስት ሳታዩ አትቀሩም። ከፎቶው ስር ስልክ ቁጥር አለ። ከሽያጩ በፊት በመጀመሪያው ጥሪ ይነሳል። ከሽያጩ በኋላስ?

ከተከታዮቻችን አንዱ ከወንድሙ ጋር ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ እንዲህ ያለች ጊደር ገዛ። አራት ወር ተኩል ጠበቁ፣ አልወለደችም። ሐኪም ሲያያት ባዶ ናት። ሻጩ «ደላላውን ጠይቅ» አለ፣ ደላላው ስልኩን ዘጋ። ያን ሁሉ ጊዜ ፉርሽካና ፋጉሎ በልታለች፣ አንድ ሊትር ወተት ግን የለም።

ሌብነት ነው? ሊሆን ይችላል። ግን ሁሌም አይደለም። ላም ካልያዘች በየ21 ቀኑ አካባቢ መልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ብዙ አርቢ «ከተዳቀለች በኋላ ኮርማ አልፈለገችም፣ ስለዚህ ይዛለች» ብሎ ያምናል። ይሄ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ምልክቱ ሌሊት ታይቶ ሊያልፍ ይችላል። በትክክል የሚታወቀው የሰለጠነ ሐኪም ወይም አዳቃይ ቴክኒሻን በፊንጢጣ በኩል እጁን አስገብቶ ማህፀኗን ሲዳብስ ነው። ይሄ ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ ይቻላል፣ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። «የ5 ወር» የተባለችን ጊደር እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ብር ከመከፈሉ በፊት ማስመርመር ይቻላል ማለት ነው።

ይዛ የነበረችም ልታስወርድ ትችላለች። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታ አለ፣ የመንገድ እንግልትም አለ። ምርመራው ርክክቡ ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት ቢሆን የሚሻለው ለዚህ ነው። በኋላ «አንተ ጋ ነው የጠፋው» መባባል አይኖርም።

ጥሩ አርቢ ታዲያ ምን ያደርጋል? መዝገብ ያሳያል፦ የተወለደችበት ቀን፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ የተከተበችው ክትባት። እርግዝናው በአማካይ 283 ቀን ስለሆነ የተዳቀለችበት ቀን ካለ መውለጃዋን ራሳችሁ ታሰላላችሁ። የኮርማው ቁጥር አባለዘሩ በሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ ላይ ስለሚታተም እሱም ይጻፋል። ቁጥሩ ከሌለ ልጅን ከአባቷ ማዳቀል ቀላል ነው፣ በተለይ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ኮርማ ሲጠቀም።

ሲቀጥል፣ ጉድለቱን ሳይጠየቅ ይናገራል። «አንዷ ጡቷ አታወርድም» ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን፤ ርካሽ ያልተዳቀለች ጊደር ስትገዙ «መንታ ናት ወይ?» በሉ። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ ሴት ጥጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መካን ናቸው። አርቢው ይሄን ያውቃል፣ አዲስ ገዢ ግን አያውቅም። ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው ዋሸ አይባልም ይሆናል፣ እኛ ግን ከውሸት አንለየውም።

ደግሞ የለመደችውን መኖ ለጥቂት ቀን የሚበቃ አብሮ ይልካል። ድንገተኛ የመኖ ለውጥ ሆዷን ያውካልና። በሳምንቱ ደውሎ «እንዴት ናት?» ይላል። ይሄ ሁሉ ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አንድ የገዛው ልጅ ነገ ሁለተኛ ይፈልጋል፣ ጎረቤቱም «ከማን ገዛህ?» ይለዋል።

ገዢም ከጥፋት ነጻ አይደለም። «እናቷ 20 ሊትር ትሰጥ ነበር» ስለተባለ ብቻ በጭድ ያደረች ላም 20 ሊትር አትሰጥም። ለዚህ ሻጩን መክሰስ ነውር ነው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይናገራል። ገዢም የተረከበውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። ግን «የ5 ወር እርጉዝ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ከሌለ በምን ታስረዳላችሁ? ቢያንስ ፖስቱን ስክሪንሹት አንሱ፤ ማታውኑ ሊጠፋ ይችላል።

ልጁና ወንድሙ ጊደሯን እንደገና አስዳቅለዋታል። ሁለተኛዋን ሲገዙ ሐኪም ይዘው ሄዱ። አዲሱ ሻጭ ፊቱን አላጠቆረም፣ ራሱ ውሃና ሳሙና አቀረበ። ከእሱ ገዙ።