«ውድ ዩ ማይንድ» ለሚል ጥያቄ ምን ይመለሳል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አሶሳ አንድ ከውጭ አገር የመጡ ፈታኝ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ የቆመን ተማሪ «ውድ ዩ ማይንድ ኢፍ ዊ ስታርትድ ናው?» ሲሉ ጠየቁት። ተማሪውም በትሕትና «የስ» አለ። ፈታኙ ወረቀታቸውን አጠፉ። አማካሪው «ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው» ብለው ባያስረዱ ኖሮ ቀጠሮው ይሰረዝ ነበር።

ስሕተቱ የተማሪው ብቻ አይመስለኝም፤ የእኛም የመምህራኑ ነው። ሐረጉን «እባክዎ» ብለን እንተረጉመዋለን። «ማይንድ» ግን እዚህ ላይ ቅር መሰኘት፣ መቃወም ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አቻ «ቅር ይልዎታል?» የሚለው ነው። «መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልዎታል?» ለሚል ሰው «አዎ» ብሎ የሚፈቅድ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ «ኧረ ምንም አይደል» ይላል እንጂ። እንግሊዝኛውም «ኖት አት ኦል» ነው የሚለው።

በክልላችን ጉዳዩ ይከብዳል። የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የሺናሻ ተወላጅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛን የሚማረው የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአማርኛ እየተብራራለት ነው። የመካከለኛው ትርጉም ከተጣመመ ሦስተኛው ቋንቋ አይቃናም።

ሰዋስዉን በአጭሩ ልለፈው። ድርጊቱን የሚፈጽመው ተጠያቂው ከሆነ «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» እንላለን፤ «ቱ ኦፕን» ስሕተት ነው። ጠያቂው ራሱ ከሆነ «ኢፍ አይ ኦፕንድ» ይባላል። ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም ያለፈ ነገር አይናገርም፤ የእኛን የ«ብከፍተው»ን ሥራ ይሠራል።

እንግሊዛውያን ራሳቸው በዕለት ንግግር «ሹር» ብለው ሲፈቅዱ ትሰማላችሁ፤ ለቃሉ ሳይሆን ለልመናው መመለሳቸው ነው። እናንተ ግን በባዶ «የስ» አትመልሱ፤ «ፕሊዝ ጎ አሄድ» በሉ።