መካር ያለው የሥራ ፍለጋ
ሥራ ፈላጊውን፣ አሠሪውንና መንግሥትን ስለሚያገናኙ አማካሪ አካላት

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወላይታ ዞን 1,501,112 ነዋሪ ነበረው። በአማካይ ሲሰላ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 357 ገደማ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨመረ እንጂ መሬቱ አልሰፋም። አባት ለልጆቹ የሚያወርሰው የእንሰት፣ የበቆሎና የስኳር ድንች ማሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ሄዷል። ለዚህም ነው የወላይታ ወጣት ከድሮ ጀምሮ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ፣ አዲስ አበባ ጫማ ሊጠርግና ሊነግድ ሲወጣ የኖረው።

ዛሬ ደግሞ ብዙው መጀመሪያ የሚደርሰው ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለችው ወላይታ ሶዶ ነው። ሶዶ በበኩሏ የራሷ ሥራ ፈላጊ አላት። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁና ግብርና ኮሌጁ በየዓመቱ ያስመርቃሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ይህም ቢሮ፣ ሆቴልና ግንባታ አምጥቷል፤ ሥራ ፍለጋ የሚመጣውንም ሰው አብዝቷል። መሬት ያጣ የገበሬ ልጅ፣ ዲግሪ የያዘች ምሩቅና ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ወጣት አንድ የሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መፍትሔ ማቅረብ ግን አይቻልም።

ታዲያ ለማን ምን ዓይነት ሥልጠና ይሰጥ? ብድሩ ለየትኛው ዘርፍ ይዋል? የመሥሪያ ቦታ የሚሆነውን ሼድ ማን ያግኝ? የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ብቻውን እነዚህን ጥያቄዎች አጥርቶ ሊመልስ አይችልም። አናጺ የሚፈልገው ተቋራጩ ነው፤ የብድሩን መመለስና አለመመለስ የሚያውቀው አበዳሪው ነው፤ የቤት ኪራዩን ክብደት የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። አማካሪ አካል የሚባለው እነዚህን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ጉባኤ ነው። ራሱ አይቀጥርም፣ አያበድርም፣ አያሠለጥንም። ሥራው ዕቅዱን መመርመር፣ የጎደለውን መጠቆምና ለሚወስነው ባለሥልጣን ምክር መስጠት ነው። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ተረት በሥራ ጉዳይም ይሠራል።

ሐሳቡ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 እንደተቋቋመ ያወጣው 2ኛው ስምምነት ስለ ሥራ አጥነት ነበር። አገሮች ሥራ ፈላጊውን በነጻ የሚያገለግሉ ሥራ አገናኝ ቢሮዎች እንዲከፍቱ ይጠይቅና፣ ቢሮዎቹን የሚያማክሩ፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉባቸው ኮሚቴዎች እንዲሰየሙ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው 88ኛው ስምምነት ይህንኑ አጠንክሮ፣ ብሔራዊ አማካሪ ኮሚቴ እንዲኖር፣ ካስፈለገም በየክልሉና በየአካባቢው እንዲቋቋም፣ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮችም ቁጥር እኩል እንዲሆን ደነገገ። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን 88ኛውን ስምምነት በ1955 ዓ.ም.፣ 2ኛውን ደግሞ በ1958 ዓ.ም. አጽድቃለች።

እኩል ቁጥር የሚለው ነገር ለወጉ የገባ አይደለም። አንዱ ወገን ከበዛ ምክሩ የዚያ ወገን ጥያቄ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በጀርመን የፌዴራሉን የሥራ ኤጀንሲ የሚቆጣጠረው የአስተዳደር ምክር ቤት 21 አባላት አሉት፤ 7ቱ ከሠራተኞች፣ 7ቱ ከአሠሪዎች፣ 7ቱ ከመንግሥት አካላት የመጡ ናቸው። በየአካባቢው ቅርንጫፍም እንዲሁ የሦስቱ ወገን ተወካዮች የሚቀመጡበት ኮሚቴ አለ።

በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከአዋጅ ቁጥር 42/1985 ጀምሮ፣ በ377/1996 አልፎ አሁን እስከሚሠራበት እስከ 1156/2011 ድረስ ቋሚ አማካሪ ቦርድ የሚባል ነገር ይዟል። ከመንግሥት፣ ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች ማኅበራት የሚውጣጣው ይህ ቦርድ ስለ ሥራ ስምሪት አገልግሎት፣ ስለ ሥራ ሁኔታ፣ ስለ ሠራተኞች ደኅንነትና ጤንነት እንዲሁም ስለ ሥራ ሕጎች አጥንቶ ለሚኒስትሩ አስተያየት ያቀርባል።

ይሁንና ይህ ቦርድ ያለው ከላይ ነው፤ የሚያየውም በአመዛኙ ቅጥርን ነው። ሶዶ ውስጥ ተመዝግቦ የሚጠብቀው ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው «ተደራጅና የራስህን ሥራ ፍጠር» የሚል ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌላ መስመር አድጓል። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ሥራ ወደ አዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚህ ጋር ከክልል እስከ ቀበሌ አስተዳዳሪዎች የሚመሯቸው የሥራ ዕድል ፈጠራ ምክር ቤቶች፣ ዐቢይና ቴክኒክ ኮሚቴዎች ተዘረጉ።

ነገሩን ከታች፣ ሥራ ፈላጊው የሚስተናገድበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጠረጴዛ ላይ ሆነን እንየው። ሥራ ፈላጊው የቀበሌ መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይመዘገባል። ባለሙያው ዕድሜውን፣ ትምህርቱን፣ የሚፈልገውን ሥራና ያለውን ሙያ ይጽፋል። ከዚያ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይከተላል። መደራጀት የፈለጉ ስም ያወጣሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይፈርማሉ፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣሉ፣ የሥራ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። ብድር የሚጠይቅ ቡድን በተለመደው አሠራር የብድሩን 20 በመቶ አስቀድሞ ይቆጥባል። ሼድ ከተገኘ ለ5 ዓመት ይሰጠዋል፤ ጊዜው ሲያልቅ ለተረኛ መልቀቅ አለበት።

አሁን አምስት ወጣቶች በእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ተደራጁ እንበል። ጽሕፈት ቤቱ በሩብ ዓመት ሪፖርቱ «ለ5 ሰዎች ሥራ ተፈጠረ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አማካሪዎቹ ሥራቸውን ከሠሩ ግን ጥያቄው ገና ከዚህ ይጀምራል። የኮሌጁ አሠልጣኝ «ብየዳውን በደንብ ችለዋል ወይስ ሰርተፍኬት ብቻ ይዘዋል?» ይላል። የብድር ተቋሙ ሰው በዚሁ ዘርፍ ቀደም ሲል የተበደሩት ስንቱ እየከፈሉ እንደሆነ ያስታውሳል። ነጋዴው በዚያ ሰፈር ስንት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት እንዳለ ያውቃል። ከመብራት ኃይል የመጣው ሼዱ ለብየዳ የሚበቃ መስመር እንዳለውና እንደሌለው ይናገራል። የወጣቶች ተወካይዋ 5 ዓመቱን ጨርሶ ያልለቀቀ ቡድን ለምን ዝም እንደተባለ ትጠይቃለች። እነዚህን ጥያቄዎች ያለፈ ቡድን የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው። ያላለፈ ደግሞ ዕዳ ውስጥ ሳይገባ ሌላ ዘርፍ ይመርጣል። የማማከር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ድሃ ቤተሰብ ለቁጠባ ያዋጣውን ገንዘብ ከመባከን ያድናል።

ቅጥርም ቢሆን ምክር ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወላይታን ጨምሮ ከአካባቢው ዞኖች በርካታ ወጣት ሴቶችን ቀጥሯል። ይሁን እንጂ ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ጋር አልመጣጠን ብሎ ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ለቀቁ። አሠሪው አዲስ ሰው በማሠልጠን ገንዘቡን ከሰረ፤ ልጅቷም ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ተመለሰች። መልማዩ ብቻ የተቀመጠበት ኮሚቴ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደተላከ ነው። ሠራተኛዋ የተወከለችበት ኮሚቴ ግን ከመላኩ በፊት የኪራዩን ዋጋ ያነሳል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አነስተኛውን የደመወዝ ወለል እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም መደንገጉም ይኸው ጥያቄ ከአንድ ከተማ በላይ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ አንድ አማካሪ አካል የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ማን ተቀምጧል? ሁሉም አባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆነ ስብሰባው የመሥሪያ ቤቶች ማስተባበሪያ ይሆናል፤ እሱም ያስፈልጋል፣ ግን ምክር አይደለም። በተለይ ሴቶች ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። በ2010 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተሞች በተደረገው የሥራ ስምሪት ጥናት ሥራ አጥነት 19.1 በመቶ ሲሆን፣ የሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ምን ይዘው ይመክራሉ? ሪፖርቶቻችን ሥራን ቋሚና ጊዜያዊ ብለው ይለያሉ። ከዓመት በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ እንዳለ ካልተነገረ ግን አማካሪው የሚመዝነው ነገር የለውም። አሁን ሥራ ፈላጊዎች በኮምፒውተር የሚመዘገቡበት የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት መዘርጋቱ ይህን ለመከታተል መንገድ ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ምክሩ የት ይደርሳል? አማካሪ አያዝም። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ምክሩን ባይቀበል እንኳ ምክንያቱን ሊሰጥ፣ ይህም በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል።

ለሶዶና ለወረዳዎቿ ሕዝብ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ክፍት የሥራ ቦታ በሚለጠፍበት የቀበሌ ሰሌዳ ላይ የሥራ ዕድል ፈጠራ ምክር ቤቱ አባላት ስም፣ የስብሰባቸው ቀንና ባለፈው ስብሰባ የመከሩት ነገር አብሮ ሊለጠፍ ይችላል። ይህ በጀት አይጠይቅም። ሥራ ፈላጊው በስሙ የሚመክር ሰው ማን እንደሆነ ካወቀ ሄዶ ያነጋግረዋል፤ አማካሪውም የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ካወቀ ከስብሰባው አይቀርም። ሶዶ የክልል ከተማ ሆና አሠራሯን ገና በምታደራጅበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለውን ልማድ መትከል ቆይቶ ከማረም ይቀላል።