ዚንክ ባርናክልን አያባርርም

ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ባሕር የማይነካት ከተማ ናት። ጀልባ ግን አላጣችም። ነዋሪዎቿ ቅዳሜና እሑድ ጀልባቸውን በተጎታች ጭነው ወደ ቫል ግድብ ይወርዳሉ፤ በዕረፍት ወራት ደግሞ ያንኑ ጀልባ ይዘው 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደርባን የሚዘልቁ አሉ። ጀልባውን ለሳምንታት ባሕር ላይ ለሚያቆም ሰው ታዲያ አንድ ምክር ይደርሰዋል፦ «ፕሮፔለሩ ላይ ዚንክ እሰርበት፣ ባርናክል አይደርስበትም።»

ምክሩ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱ ከታወቀም 200 ዓመት አልፎታል።

ባርናክል (በአማርኛ የተለመደ ስም የለውምና በዚሁ ይጠራ) ቅርፊቱን አይተው ብዙዎች ከቀንድ አውጣ ወገን ይቆጥሩታል። ዘመዶቹ ግን ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። የባርናክል እጭ በዕድገቱ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ መብላቱን ትቶ ማረፊያ ፍለጋ ይሰማራል፤ የሚከራየውን ቤት ግድግዳ እንደሚመረምር ሰው ገጹን በአንቴናዎቹ እየዳበሰ ይዞራል። ሲስማማው በራሱ ሙጫ ተጣብቆ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ኑሮው ጨው ባለበት ውሃ ስለሆነ በቫልም በጣናም አይገኝም።

ዚንክ ለምን እንደማያባርረው ለመረዳት ዋናው ነገር መዳብ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችውን የእንጨት መርከብ ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ አልብሶ ሞከረ። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ተከለከለ፤ ባርናክልም ሊለመልምባት አልቻለም። ምክንያቱ መዳቡ መጠንከሩ ሳይሆን ማለቁ ነበር። የባሕር ውሃ መዳብን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ የሚሟሟው መዳብም ለእጩ መርዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1824 ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ይህን የሚያልቅ መዳብ ለማዳን ተነሣ። ዚንክ ወይም ብረት ከመዳቡ ጋር ቢገናኝ ባሕሩ መዳቡን ትቶ እነሱን እንደሚበላ አረጋገጠ። ነገሩ እንደ ዋስ ነው፤ ባለዕዳው መዳብ ሆኖ ሳለ ከፋዩ ዚንክ ይሆናል። ባለሙያዎች «የመሥዋዕት ብረት» ይሉታል፤ ዋስ የሚለው ግን አሠራሩን የበለጠ ያሳያል፤ ዚንኩ የሚከፍለው ሁለቱ እስከተገናኙ ድረስ ብቻ ነውና። ዚንክ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑ በብረታ ብረቱ ግንኙነት በኩል ወደ መዳቡ ሲፈስ መዳቡ መሟሟቱን ያቆማል።

ዴቪ ትክክል ነበር፤ መዳቡ ዳነ። ዋሱ የተገጠመላቸው መርከቦች ከጉዞ ሲመለሱ ግን ሆዳቸው በአረምና በባርናክል ተሸፍኖ ተገኘ። መሟሟቱ ሲቆም መርዙም ቆሟል። ዋሱ ቤቱን ከመፍረስ ሲያድን ዘበኛውን አስተኝቶታል። ዛሬ ዚንክ የታሰረበት የነሐስ ፕሮፔለርም ዕጣው ይኸው ነው፦ አይበላም፣ ባርናክል ግን ይወርረዋል።

ባርናክልን የሚከላከለው ቀለም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መዳብ ያለበት ቀለም በአሉሚኒየም ላይ በቀጥታ ቢቀባ አሉሚኒየሙ ራሱ የመዳቡ ዋስ ሆኖ ይበላል፤ የብዙ የጀልባ ሞተሮች እግር ደግሞ አሉሚኒየም ነው። በሲሊኮን የሚሠራው ማንሸራተቻ ቀለም ለፕሮፔለር ይስማማል፤ ነገር ግን ባርናክሉን የሚያራግፈው የውሃው ፍጥነት ስለሆነ ቆሞ ለሚከርም ጀልባ ጥቅሙ ያንሳል። መርዝ በበረታ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም። ትሪቡቲልቲን የተባለው የቆርቆሮ ውህድ ባርናክልን ድል ቢያደርግም ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት እንዲያበቅሉ በማድረጉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። መዳብም ቢሆን በወደቦች ጭቃ ውስጥ ሲጠራቀም ጉዳት ስላለው አንዳንድ አካባቢዎች ገደብ ጥለውበታል።

በርበሬስ? ቀለም ውስጥ በርበሬ የሚያደባልቁ አሉ። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በቤተ ሙከራ እጭን ሲያርቅ ታይቷል። ከወጥ ቤት የተዘገነ በርበሬ ግን ቀለሙ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ አለዚያም ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል። ለወጥ ይቀመጥ።

ዚንክ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም፤ ሥራው ዝገትን መከላከል ነው። ከቫል ወደ ደርባን የሚወርዱ ባለጀልባዎች አንድ ነገር ያስተውሉ፦ በጨው አልባ ውሃ ዚንክ ገጹ ተሸፍኖ ይሰንፋል፤ ለዚያ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየሙ ደግሞ ባሕር ሲገባ በጥድፊያ ያልቃል። ስለዚህ ከጆሃንስበርግ ሳትነሡ ቀይሩት፤ ፕሮፔለሩን ስትቀቡም ዚንኩን አትንኩት። ቀለም የተቀባ ዚንክ ምንም አይከላከልም።