አምስተኛው ዕይታ

የትምህርት ቤት ሥነ ልቡና ባለሙያ ሲባል፣ ብዙ ሰው የመመዘኛ ሣጥን ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞርና የሕፃናትን አእምሮ በቁጥር የሚሰፍር ሠራተኛ ይመስለዋል፤ ለዚህ ሙያ የሚዘጋጁት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው ስለ ተግባር ልምምዳቸው የሚነጋገሩበትን ሴሚናርም፣ የሥራ ሰዓት ተቈጥሮ ፊርማ የሚሰበሰብበት ስብሰባ አድርጎ ይገምተዋል። እኔ ግን ይህን ሴሚናር በአሜሪካ ለዓመታት ሳስተምር፣ ከትምህርቱ ክፍሎች ሁሉ ይህን ያህል የተናቀ፣ ይህንም ያህል የከበረ ሰዓት አላገኘሁም።

መሠረቱን በአጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ላይትነር ዊትመር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ በ1896 ከፈተ፤ አርኖልድ ጌሴል በ1915 በኮነቲከት በዚህ የሙያ ስም ተሾመ፤ በ1975 የወጣው ሕግ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ሁሉ ተገቢውን ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት ስላጸናላቸው፣ ባለሙያው በየትምህርት ቤቱ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ የአገሪቱ የሙያ ማኅበር ለስፔሻሊስት ማዕርግ ቢያንስ የ60 ክሬዲት ትምህርትና የ1200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል። የተግባር ልምምዱ ከኢንተርንሺፑ ይቀድማል፤ ተማሪው በነባር ባለሙያ ሥር ሆኖ ይሠራና ያየውን ይዞ ወደ ሴሚናሩ ይመጣል። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት አቅርቦ እንደሚታረም፣ እዚህም ጽሑፉ በባልንጀሮቹ መካከል ተነቦ ይታረማል። የተመለከተው ልጅ ስም ግን በጉባኤው ውስጥ አይነሣም፤ ይህን የዘነጋ ተማሪ ንባቡን እንዲያቋርጥ አደርጋለሁ።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ምልከታ ነው። መመዘኛውን መማር ይከብዳል፣ መመልከት ግን ማንም የሚያውቀው ነገር ነው የሚል አሳብ በተማሪዎቼ ልብ ሥር ሰድዶ አገኘዋለሁ፤ ስለዚህ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጠው ይቈዩና፣ «ልጁ ሰነፍ ነው»፣ «ለትምህርቱ ግድ የለውም» ብለው ጽፈው ይመለሳሉ። ስንፍና በዐይን አይታይም። በዐይን የሚታየው እርሳሱን ማስቀመጡ፣ ራሱን በክንዱ ላይ ማስደገፉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ መመልከቱ ነው፤ የቀረው ሁሉ የተመልካቹ ፍርድ ነው፤ ፍርድም ከማስረጃው ሊቀድም አይገባውም።

ይህን ስሕተት ለማረም ኤድዋርድ ሻፒሮ ካዘጋጀው የክፍል ምልከታ ሥርዓት የሚበልጥ መምህር አላውቅም። በዚህ ሥርዓት ጊዜው በ15 ሰከንድ፣ በ15 ሰከንድ ይከፈላል፤ በየክፍልፋዩ ልጁ በሥራው ላይ እንደ ሆነ ወይም ከሥራው እንደ ራቀ በሠንጠረዥ ላይ ምልክት ይደረጋል። የነገሩ ምስጢር ያለው ግን በአምስተኛው ክፍልፋይ ነው፤ በየአምስተኛው ተራ ተመልካቹ ዐይኑን ከተላከለት ልጅ አንሥቶ ከክፍሉ ውስጥ ሌላ ልጅ እንዲመለከት ታዝዟልና። በሩብ ሰዓት ውስጥ 60 ዕይታ አለ፤ 48ቱ ለልጁ፣ 12ቱ ለባልንጀሮቹ ነው።

ሰነፍ ተለማማጅ እነዚህን 12 ዕይታዎች እንደ ብክነት ቈጥሮ ይዘላቸዋል፤ እኔም ስለዚህ ነገር በየዓመቱ እገሥጻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ «ልጁ ከ48 ዕይታ በ20ው ከሥራው ርቆ ተገኘ»። ተማሪዎቹ ወዲያው ስለ ትኵረት ማነስ፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ መድኃኒትም ጭምር ይነጋገራሉ። ሲጨርሱ ከበታቹ «ባልንጀሮቹ ከ12 ዕይታ በ5ቱ» ብዬ እጨምራለሁ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ አንዱ ሒሳቡን ሠርቶ ሁለቱም ከመቶ 42 ገደማ፣ ማለት እኩል መሆናቸውን ይናገራል። ያን ጊዜ ጥያቄው ከልጁ ወደ ክፍሉ ይዛወራል፤ ትምህርቱ ከብዷቸው ይሆን? ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ይሆን? ከመምህሩ ድምፅ ርቀው ተቀምጠው ይሆን? ያለ አምስተኛው ዕይታ ግን የአንድ ክፍል ሁሉ ድካም በአንድ ሕፃን መዝገብ ላይ ተጽፎ በቀረ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ትጉህ ተለማማጅ፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ስለ መጡ አንዲት ልጅ የጻፈውን ሲያነብ፣ «ዐይን ለዐይን መገናኘት ትሸሻለች፤ የመግባባት ጕድለት ሊኖርባት ይችላል» አለ። ታላቅ ሰው ሲናገር ዐይንን ሰበር ማድረግ በቤቴ የተማርኩት የመጀመሪያው ጨዋነት ነውና፣ ነገሩ ልቤን ነካው። ሆኖም ባህሏ ነው ብዬ ጉዳዩን በእኔ ቃል ብዘጋው፣ እኔም እንደ እርሱ ሳላይ መፍረዴ ነበር፤ የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ ዝምታ ጨዋነት አይደለምና፣ አንዳንዱ የቋንቋ ችግር፣ አንዳንዱም እውነተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። በ1970 በካሊፎርኒያ በዳያና ስም የታወቀው ክስ የተነሣው ስፓንኛ ተናጋሪ ሕፃናት በእንግሊዝኛ ተመዝነው የአእምሮ ድኩማን ተብለው ስለ ተመደቡ መሆኑን አስታወስኩትና፣ ልጅቱ መቼ፣ በማን ፊት፣ ምን ስትባል ዐይኗን እንደምትሰብር አይቶ እንዲመለስ፣ እናቷንም በአስተርጓሚ እንዲጠይቅ ላክሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ እንዲህ ሲል አነበበ፤ «መምህሯ ስትናገራት ዐይኗን ዝቅ ታደርጋለች፤ የተጠየቀችውን ግን ትመልሳለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት ፊት ለፊት እያየች ትሥቃለች፤ እናቷም ‹ታላቅ ሰው ፊት ዐይንሽን አታፍጥጪ ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ› አሉ»። እኔ ቃል ከመናገሬ በፊት፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ባልንጀራው ወደ ሠንጠረዡ ጎንበስ ብላ፣ «አምስተኛው ተራ ላይ የተመለከትኻቸው ልጆችስ?» ብላ ጠየቀችው።